ጣሪያው ይቆይ፣ አይፓዱ ይቅደም

የሎስ አንጀለስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ለተማሪ ሁሉ አይፓድ ላድል ብሎ ተነሣ። ዋጋው ከነዋይፋዩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ገንዘቡ ከየት? ሕዝቡ ለትምህርት ቤት ግንባታና እድሳት ድምፅ ከሰጠበት ቦንድ! ጣሪያው ያፈሳል? ልጄ፣ በአይፓዱ ፎቶ አንሣው።

የቦንድ ዕዳ ሃያ ምናምን ዓመት ይከፈላል፤ ዕቃው ሦስት አራት ዓመት ቢያገለግል ነው። ስለዚህ የያኔው ተማሪ፣ ወልዶ ልጁን አንደኛ ክፍል ሲያስገባ፣ የአይፓዱ ዕዳ ገና አላለቀም።

የተገዛው የትምህርት ሶፍትዌር ተሠርቶ ሳያልቅ ተማሪዎቹ የአይፓዱን ቁልፍ ፈትተው ፌስቡክ ገቡ። የቴክኖሎጂ ትምህርቱስ ሠርቷል ማለት ነው። በ2014 ውሉ ተቋረጠ፤ ኤፍ.ቢ.አይ.ም መጥቶ የግዥውን ሰነድ ወሰደ። በታብሌት እንዳይመስላችሁ፤ ሃያ ካርቶን ወረቀት።