ባለሜዳነቱ ይቅርብን

ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም
ቁጥር፦ እንደ ቡድናችን ሜዳ ገና በመጠበቅ ላይ ያለ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ብሔራዊ ቡድናችን ከእንግዲህ ጨዋታውን ሁሉ በእንግድነት ብቻ እንዲያደርግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የፌዴሬሽኑ የሥራ ኃላፊዎች፣

እኔ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታን አልፎ በፍቼ መንገድ ላይ በምትገኘው በጫንጮ የምኖር የዋልያዎቹ ደጋፊ ነኝ። በኅዳር ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ዲኤስቲቪ ቤት ለሚቀመጥ ሰው የፈረንጅ ክለብና የአገር ቡድን የሚለዩት በወንበር ነው። አርሰናል ሲጫወት ቁሞ ማየትም ዕድል ነው፤ ዋልያዎቹ ሲጫወቱ ግን እግር ዘርግቶ፣ ጋቢውን አጠገብ ወንበር ላይ አኑሮ ማየት ይቻላል። ለዚህ ምቾት ፌዴሬሽኑን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሞሮኮ ለምታዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ የተደረገው ማጣሪያ ሰሞኑን ተጠናቋል፤ እኛም ከምድባችን መጨረሻ ሆነን ወጥተናል። ሰው ሁሉ አሰልጣኙን፣ አጥቂውን፣ ተከላካዩን ይወቅሳል። እኔ ግን ውጤቶቹን በደብተር ጽፌ ደጋግሜ ባያቸው ጥፋቱ የማንም ተጫዋች ሆኖ አላገኘሁትም።

ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም በዳሬሰላም የታንዛኒያ እንግዳ ሆነን 0 ለ 0 ወጣን። ጥሩ ነው። አምስት ቀን ቆይተን፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ ከዚያው ከዳሬሰላም ሳንወጣ ባለሜዳ ተባልንና በዴሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 0 ተረታን። ኅዳር 7 ቀን ኪንሻሳ ላይ ባለሜዳ ሆነን ታንዛኒያን ጋበዝን፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በሦስተኛው ቀን በዚያው በኪንሻሳ እንግዳ ሆነን ብንሰለፍ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፍን። ኮንጎ አስቀድማ ማለፏን አረጋግጣ ስለነበር ነው የሚል ምቀኛ አይጠፋም፤ እሱን አትስሙት።

የአቢጃኑ ደግሞ ለብቻው ይነገር። ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም ጊኒ ባለሜዳ ሆና 4 ለ 1 አሸነፈችን፤ ሰርሁ ጊራሲ ብቻውን ሦስት አገባብን። ጥቅምት 5 ቀን ተራው የእኛ ሆኖ እኛ ባለሜዳ፣ ጊኒ እንግዳ ሆነን እዚያው አቢጃን ተገናኘንና 3 ለ 0 ሸኘችን። ጊኒም እንደ እኛ ብቁ ስታዲየም ያጣች አገር ናት። ተከራይ ተከራይን አከራዩ ሳሎን ውስጥ ምሳ ይጋብዛል፤ በሦስተኛው ቀን ተጋባዡ በተራው እዚያው ሳሎን፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እራት ይጋብዛል። የዲኤስቲቪ ቤታችን ባለቤት ይህን ሲያይ፣ «ባለሜዳው ማን እንደሆነ በማልያ ቀለም ካልሆነ በምን ይታወቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እናንተ ዘንድ ካለ ብትልኩልን ደስ ይለናል።

ድምሩን ላቅርብ፦ ባለሜዳ በተባልንባቸው ሦስት ጨዋታዎች ያገኘነው ነጥብ 0፣ ያገባነው ጎል 0፣ የገባብን 7። እንግዳ በሆንባቸው ሦስት ጨዋታዎች ግን 4 ነጥብና 3 ጎል አለን። በመሆኑም ባለሜዳነት ለጤናችን እንደማይስማማ በትሕትና አመለክታለሁ። ባለሜዳ መሆናችን ቀርቶ ስድስቱንም ጨዋታ በእንግድነት ብናደርግ ኖሮ በስሌቱ 8 ነጥብ ይኖረን ነበር። የሆቴሉም የአውሮፕላኑም ወጪ ያው ነው፤ የምንተወው ስሙን ብቻ ነው።

«ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ሊሎንግዌ ላይ ባለሜዳ ሆነን ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን የለም ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አሸንፈናል፤ ያን ዕለት ጫንጮም እልል ብላለች። ነገር ግን ማላዊ ላይ የተገኘች አንዲት ምሽት ለስንት ዓመት ስንቅ ትሆናለች?

ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም አይሆንም ካለበት ከ2014 ዓ.ም ወዲህ ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ሴራሊዮንን በሞሮኮዋ ኤል ጃዲዳ አስተናግደናል። አዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ ነው ተባልን፤ ይሁን። በ2008 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም 62 ሺህ ሰው እንደሚይዝ ሰምተን ነበር፤ እስካሁን የያዘው ሠራተኞቹን ነው። ምናልባት ሲሚንቶ አጥሮ ከሆነ አታፍሩ፣ ንገሩን። ወደ ደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚገነጠለው መንገድ ከእኛው ከተማ ነው የሚነሳው። መኪኖቹ አቧራውን እያለበሱን የሚያልፉት በደጃችን ነው፤ የአገሪቱ ሲሚንቶ ወዴት እንደሚሄድ ባናውቅም ከየት እንደሚወጣ እናሳያችኋለን።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ በማለዳ የሚሮጡትን እያሳየ፣ «እነዚህ ስታዲየም ሳይጠይቁ ወርቅ ያመጡ የለም?» ይለኛል። ሯጭ ጋባዥ አይሆንም፤ ማራቶን ውስጥ ባለሜዳ የሚባል ነገር የለም። ይኸው ክርክሬን አጠናከረልኝ።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። አቢጃን ላይ በጋባዥነት 3 ለ 0 በተሸነፍን ልክ በሰባተኛው ቀን፣ ጥቅምት 12፣ ካፍ ጠቅላላ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ አደረገ። የአህጉሩን የኳስ መሪዎች በክብር ተቀበልን። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያ የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማስተናገድ እንደምትፈልግ ተገለጸ። ጎበዝ ነን! ጊኒን የምናስተናግድበት ሣር አጥተን አህጉሩን በሙሉ ልናስተናግድ ጠየቅን። የሚያስደስተው ነገር ጉባኤ ላይ ጎል አይቆጠርም፤ ያን ቀን ያለ ጥርጥር በሜዳችን አቻ ወጥተናል።

እናንተን ብቻ ወቀስክ እንዳልባል ወደ ኋላም ልሂድ። በ2005 ዓ.ም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ላይ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ ተጫወተ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ረትተን ከተማው በደስታ ባበደበት ዕለት ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ ተሰማ። በሜዳ ያገኘነው 3 ነጥብ በወረቀት ሄደ። ልጆቹ ግን መልሰው ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ፤ ያቆመቻቸው በመጨረሻው ደርሶ መልስ ናይጄሪያ ናት። ያኔ የጎደለን ሁለት ቢጫ ካርድ የሚደምር ሰው ነበር። አሁን ደግሞ የመጫወቻ ሜዳ፣ የመልበሻ ክፍልና መብራት ሆኖ ቁጥሩ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ያደግነው በዚህ ነው።

ቀልዱን ለአፍታ ላቁም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም የይድነቃቸው ተሰማ ልጆች ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ያነሱት አዲስ አበባ ላይ ነበር። እስከ ዛሬ ያለን የአፍሪካ ዋንጫ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በቤታችን። ዛሬ የጫንጮ ልጅ ወጣቶቹን ዋልያዎች በዓይኑ ማየት ቢያምረው እንደ ድሮው እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ መውረድ አይበቃውም፤ ፓስፖርት ያወጣል፣ ቲኬት ይቆርጣል፣ ኪንሻሳ ይገባል። ሰው ዘመድ ለማየት እንኳ ኪንሻሳ አልሄደም። እንዲህ ያደገ ልጅ አርሰናልን ቢመርጥ ከዳን ብላችሁ አትዘኑበት፤ ለእሱ ለንደንም ኪንሻሳም እኩል ሩቅ ናቸው። እንዲያውም ለንደን በየሳምንቱ በሰዓቱ ትመጣለታለች።

ስለዚህ ለካፍ ደብዳቤ ጻፉልን። «ኢትዮጵያ ሜዳ ስለሌላት በፈቃዷ ዘለዓለማዊ እንግዳ መሆኗን እናሳውቃለን» በሉ። ይህ ካሳፈራችሁ ደግሞ ሌላኛው መንገድ ክፍት ነው፤ እሱን ግን ከእኔ ይልቅ መሐንዲሶቻችሁ ያውቁታል።

ከሰላምታ ጋር፣
ከጫንጮ አንድ ደጋፊ

ግልባጭ፦
ለዳሬሰላም፣ ለአቢጃንና ለኪንሻሳ ነዋሪዎች፣ ስላሳደሩን ከምስጋና ጋር
ለአደይ አበባ ስታዲየም፣ ግንባታው ሲጠናቀቅ የሚሰጥ