ይድረስ ለክቡር ዶክተር ዊልያም ሐልስቴድ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ከዚህ ዓለም ድካም ያረፉ ቢሆንም፣ በ1889 ባልቲሞር ላይ በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የደነገጉት ሥርዐት፣ ይኸውም የቀዶ ሕክምና ሠልጣኝ ከሆስፒታሉ ቅጥር ሳይወጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ ያልተነገረውን ዘመኑን በተጋድሎ እንዲፈጽም ያዘዘው ቀኖና፣ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ከመድረሱም በላይ ከሬዚደንቱ ወደ ኢንተርኑ፣ ከኢንተርኑም ወደ ተማሪው ስለ ወረደ፣ ጊዜያችንን በምን እንደምናሳልፍ በዚህች ጦማር ላስታውቅዎ ወድጃለሁ።

ጧት ሬዚደንቱን ቀድመን ዋርድ እንገባለን፤ በራውንድ ጊዜ የምንቆመው በማዕርግ ተራ ስለሆነ፣ አጥንተን የምናውቀው የፊተኞቹን ጋዋን ጀርባ ነው። ከዚያ ደም ለማምጣት ወደ ደም ባንክ፣ ውጤት ለመለመን ወደ ላቦራቶሪ፣ የጠፋ ፊልም ለመፈለግ ወደ ራጅ ክፍል እንላካለን።

ዋናው ትምህርታችን ግን የቁስልን አፍ ከፍቶ የሚይዘውን ሪትራክተር መያዝ ነው። የቁመት ተጋድሎ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተሰጠ ጸጋ ይመስለን ነበር፤ ዛሬ ግን ቁርስ ያልቀመሰ ተማሪ፣ እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ዲቨር የሚሉትን ቆልማማ ብረት ጨብጦ፣ የሰው ጉበት ወደ ላይ ስቦ፣ አፍንጫውን ቢበላው እንኳ ማከክ ተከልክሎ፣ ቀትር እስኪያልፍ ይቆማል። ቁስሉ ለቀዶ ሐኪሙ ይገለጣል፤ ለተማሪው የሚገለጥለት የቀዶ ሐኪሙ ትከሻ ነው። ከትከሻው ማዶም በድንገት «ይህ የደም ሥር ምን ይባላል?» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ያላየውን መመስከር ፈርቶ ዝም ያለ እንደ ሆነ፣ የዘንድሮ ተማሪ አያነብም ይባላል። ክር ቁረጥ ተብሎ ቢቈርጥም አንድም ረዘመ፣ አንድም አጠረ ነው፤ ትርጓሜው ሁለት፣ ተግሣጹ ግን አንድ ነው።

የሜዮ ክሊኒኩ ዶክተር ባልፎር የሆድን ቁስል ያለ ሰው እጅ ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ ካበጁ መቶ ዓመት አልፏል፤ ይሁን እንጂ ብረት ተግሣጽ ስለማይገባው ተማሪው ሳይመረጥ አልቀረም።

እርስዎ በ1884 ኮኬይንን ለማደንዘዣነት ሲመረምሩ በሱስ እንደ ተያዙ፣ በየዓመቱም ለወራት ከባልቲሞር እየራቁ፣ ሸሚዝዎን ለማሳጠብ እስከ ፓሪስ ይልኩ እንደ ነበር ገድልዎ ይናገራል። ሥርዐቱን የተረከቡት ሊቃውንት ግን ስለ ዕረፍቱና ስለ ሸሚዙ የሚናገረውን ምዕራፍ ለእኛ ማስተማር ዘንግተዋል፤ ለትጋታችን የተፈቀደልን ቡና ብቻ ነው፣ እርሱም በዱቤ።

የነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጅ በመድኃኒት መላጡ አሳዝኖዎ የላስቲክ ጓንት ያሠሩ ርኅሩኅ እንደ ነበሩ እናውቃለን (በ1890 እርሳቸውኑ ማግባትዎን የማነሣው ለነገር አይደለም)። እንግዲህ ያ ርኅራኄ ከእጅ ወደ እግር ይወርድ ዘንድ፣ ለያንዳንዱ ተማሪ አንዲት መቆሚያ በርጩማ እንዲፈቀድ በዚያ አጠገብዎ ላሉት ታላላቅ ፕሮፌሰሮች ያመልክቱልን። በርጩማዋ ቁስሉን የምታሳየን ከሆነች፣ ጉበቱን እስከ ሠርክ እንይዛለን።

ሪትራክተር ያዥ ደቀ መዝሙርዎ