የቤት ቁጥር 1734

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባል የለ? ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ፊላደልፊያ ልብሴን አጥቤ፣ ሽሮዬን በልቼ መጋደም ስችል፣ እትዬን ተከትዬ አስጎብኚ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። እትዬ አዲስ አበባ ቤት እያሠሩ ነው። እሳቸው እዚህ በስልክ፣ ግንበኛው እዚያ በእጁ ማለቴ ነው። ኒው ጀርሲ፣ ሳሌም ካውንቲ፣ በጡብ ጥለት ያጌጡ የጥንት ቤቶች እንዳሉ ሰምተው ኖሮ፣ «ና እስቲ፣ ታስተረጉምልኛለህ፤ ፎቶም ታነሳልኛለህ» አሉኝ።

አስጎብኚዋ ፊት፣ እኛ ጭራ። የምትለው እኛ ጋ ሳይደርስ በየወንበሩ ይቀራል። ታዲያ አስተርጓሚ ዝም ይላል? እንደወረድን ማስረዳቱን ተያያዝኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

የሃንኮክ ቤት የጎን ግድግዳ፣ እውነት ለመናገር፣ ያፈዛል። በቀዩ ጡብ መሀል ግራጫ ሰማያዊ ጡብ እየተጠማዘዘ፣ ልክ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥበብ፣ ሽቅብ ይወጣል። አናቱ ላይ ሦስት ፊደልና 1734 የሚል ቁጥር አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ እትዬ።

«የቤት ቁጥር።»

ዞር ዞር ብለው አዩ። ሜዳና ረግረግ። «1733ስ የት ሄደ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ፈርሶ ነው» አልኳቸው። ከማዶ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫው ማማ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። እሱንም ጠየቁኝ። «ጡቡ የሚተኮስበት ነው» አልኩ፤ አንዴ ከጀመሩ ምን ይደረጋል።

ይሄኔ አስጎብኚዋ አጠገባችን ደረሰች። ቁጥሩ ቤቱ የተሠራበት ዓመት ነው። ፊደላቱ የባልየው የዊልያም፣ የሚስትየው የሣራ፣ የቤተሰቡም ስም የሃንኮክ መነሻዎች ናቸው። በ1778 የእንግሊዝ ጦር በሌሊት ገብቶ እዚሁ ቤት የተኙትን የአካባቢውን ሚሊሻዎች በሳንጃ ፈጅቷል፤ የያኔው የቤቱ ባለቤት ዳኛ ሃንኮክም ያኔ በደረሰባቸው ጉዳት ሞተዋል። እኔ ይሄን ልተረጉም ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ እትዬ ሴትዮዋን በጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ «ሰማያዊው ቀለም ተቀብቶ ነው ወይስ ተተኩሶ?» ብለው ጠየቁ።

ለካስ ሁሉንም ይሰማሉ! «ታዲያ እኔን ለምን?» ብላቸው፣ «ለፎቶው ነዋ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ እንኳ ምንም የለም። የቤት ቁጥሩንም፣ የጡብ መተኮሻውንም በትዕግሥት ያዳመጡኝ፣ የት እንደምደርስ ለማየት ነበር።

ቀለም አይደለም። ምድጃው ውስጥ ለእንጨቱ እሳት ቀርቦ የተደረደረው ጡብ፣ ከአመዱ በሚነሳው ትነት ጫፉ ይቀልጥና እንደ ብርጭቆ ያብረቀርቃል። ግንበኛው ጡቡን አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በጫፉ እያፈራረቀ ሲደረድር፣ ሰማያዊውን ጫፍ ቆጥሮ ከቦታው ያስቀምጠዋል። አንድ ከሳተ ፊደሉ ይንጋደዳል። ይሄን ሁሉ ያሠሩት ደግሞ የዚያን ዘመን ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ልብሳቸው ላይ ጌጥ የሚጠየፉ፣ ስማቸውን ግን መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው ጣሪያ ሥር የሚያስጽፉ። እኔ በዚህ ልስቅ ስል እትዬ ኮስተር አሉ። «ሰው ለፍቶ ቤት ከሠራ ስሙ ቢታይ ምን አለበት?»

ወዲያው አዲስ አበባ ደወሉ። እዚያ መሽቷል። ስልኩን እኔ ያዝኩ፣ ግንበኛው በቪዲዮ ግድግዳውን ያያል። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ያረረ ጡብ ነው! እኛ የምንጥለውን!»

«እንዳትጥለው!» አሉ። «አንተ፣ አናቱ ይታየው፤ ወደኋላ በል።»

ወደኋላ አልኩ። «ትንሽ ጨምር።» ጨመርኩ። ኋላዬ ሣር የለበሰ ቦይ ነበር። ግራ እግሬ ገባ፣ ጭቃው ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ሳወጣው ካልሲዬ ብቻ ወጣ። ጫማዬ፣ ለዚሁ ጉዞ ብዬ የገዛሁት፣ እዚያው ቀረ። እጄን ከትቼ ብፈልግ ሌላ ጭቃ እንጂ ጫማ የለም። አብረውን የመጡት አሮጊቶች ከንፈር መጠጡልኝ፤ አንዷ የፌስታል ከረጢት ሰጠችኝ፣ እግሬን እንድጠቀልልበት።

ግንበኛው ሁሉንም አይቷል። «ወንድም፣ ተረፍክ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው እትዬ ስልኩ ላይ አጎነበሱ፤ የማን ፊደል ይቅደም የሚለው ገና አላለቀም። ሟች ባለቤታቸው ይቅደሙ ይላል ግንበኛው፤ ወግ ነዋ።

«ገንዘቡን የምልከው እኔ ነኝ» አሉ እትዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ስልኩን ቀና አድርገህ ያዘው እንጂ፤ ሰማይ እኮ ነው የምታሳየው።»