ፍልፈል ስብሰባ ላይ ነው

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በአንድ ጫካ የእንስሳቱ ሁሉ መጠጫ የሆነች ምንጭ ነበረች። አንድ ክረምት ጎርፍ ደለል አምጥቶ ዓይኗን ደፈነው። አያ አንበሶም ስብሰባ ጠራ።

ከዋንዛው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አያ ጅቦ ሰብሳቢ፣ እመት ጦጢት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኑ። አያ ጅቦ «ድር ቢያብር...» ብሎ ሲጀምር አንበሳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ፣ ኅብረት ኃይል ነው» ብሎ አለፈው። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበና በቃላቱ አሰካክ ላይ እስከ ረፋድ ተከራከሩ። ዝሆን «ከእኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» አለና ያሉትን ሁሉ ደገመው። ኤሊ ጠዋት ያወጣችው እጅ የታየላት ከምሳ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ልትል ያሰበችው ጠፍቷት «ሐሳቤ ተነሥቷል» አለች። በመጨረሻ አጥኚ ኮሚቴ ተቋቁሞ ለሰኞ ተቀጠረ። አያ ጅቦ ቀጠሮው ሲራዘም ደስ ይለዋል፤ በእረፍት ሰዓት አጥንት ይቀርባልና።

መቆፈር የሚያውቀው ፍልፈል ከኋላ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲያይ ይውላል። የሚጠይቀው የለም፤ እንዳይቀር ግን ስም ይጠራል።

ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ ወደ ምንጯ ስትመጣ የምታገኘው እንቁራሪትን ብቻ ነው።

«ፍልፈል የለም?»

«ስብሰባ ላይ ነው፤ ነገ ተመለሺ።»

በማግስቱ ስትመጣ «ከስብሰባ ወጥቶ ኮሚቴ ገባ» ተባለች።

አንድ ቀን አያ አንበሶ ራሱ ውኃ ጠማው። እንቁራሪቷም እንደ ልማዷ «ፍልፈል ስብሰባ ላይ ነው» አለችው።

«ማነው የጠራው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

አንበሳው አፍሮ ሲመለስ ከዋንዛው ላይ ንቧን አያት። «ይህን ያህል ሺህ ሆናችሁ መቼ ነው የምትሰበሰቡት?» ሲል ጠየቃት።

«አበባ ያገኘች ንብ ተመልሳ ትጨፍራለች» አለች። «ጭፈራዋ አበባው በየት በኩል እንደሆነና ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግራል። ቀሳሚዎቹ ይከተሏትና ይበርራሉ። ሰም የሚሠሩትና እጭ የሚመግቡት ከሥራቸው አይነሡም። ምንም ያላገኘች ደግሞ አትጨፍርም።»

ሰኞ ዕለት አንበሳው ራሱ ሰበሰበ። «ጥያቄው አንድ ነው፤ ደለሉን ማን ያወጣል? በስንት ቀን?»

«እኔ» አለ ፍልፈል። «ዝሆን አፈሩን ከገፋልኝ ሁለት ቀን ይበቃኛል።»

«ሌሎቻችሁ ወደ ሥራችሁ!»

የዋንዛው ጥላ ሳይዞር ተበተኑ። ረቡዕ ማለዳ ሚዳቋና ግልገሏ ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ በጫካው ሕግ ወጣ። ጥያቄው አስቀድሞ ያልተነገረ ስብሰባ አይጠራም፤ ጉዳዩ የማይመለከተው አይቀመጥም፤ ማን ምን መቼ እንደሚሠራ ሳይታወቅ ማንም አይነሣም። እንዲያው ለማሳወቅ ያህል የሆነ ነገር በቁራ ይላካል።

አያ ጅቦ ቅር አለው። «ጌታዬ፣ በዚህ ሕግ ላይ መድረክ ተከፍቶ ብንወያይበትስ?»

«ጥያቄህ ምንድን ነው?»

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። «አጥንቱስ?»

«እሱንማ በልተኸዋል።»

ሠራተኛዬ የት ገባ የሚል አለቃ፣ መጀመሪያ ማን ጠራው ብሎ ይጠይቅ።