ፀጥታ ፍለጋ በጀነሬተር

የአዲስ አበባ ሰው ፀጥታ ይወዳል። ስለሚወድም ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ መስቀል አደባባይ ይሰበሰባል። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይሞላል። ወገቡን የሚያክል ስፒከር ይጭናል፤ ስፒከሩ ያለ መብራት ስለማይሠራ ጀነሬተር ይከተላል፤ ጀነሬተሩ ያለ ነዳጅ ስለማይነሳ ጀሪካን ይጨመራል፤ ዲጄ የሌለበት ፀጥታ ስለማይደምቅም ዲጄው ከነማይኩ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ከዚያ "ከከተማ ጫጫታ ትንሽ እንረፍ" ተብሎ ጉዞ ወደ ወንጪ።

ወንጪ ለዚህ ዓይነት ፍቅር የታደለ ቦታ ነው። ድሮ እሳት ሲተፋ የነበረ ተራራ አናቱ ሰምጦ ሐይቅ ተኝቶበታል። ሐይቁ መሃል ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። ገብሱና እንሰቱ ቁልቁል ወደ ውሃው ይወርዳል። ማሩ ስሎው ፉድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እንዳይጠፋ ከሚንከባከባቸው ምግቦች አንዱ ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መድቦታል። ካምፕ ለሚወጣው ሰው ይህ ሁሉ ትርፍ ነው። እሱ የሚፈልገው ከውሃው ዳር "ባዶ ሜዳ" ብቻ ነው። ባዶ ሜዳ ማለት ገበሬው ለእርሻ በሬው ብሎ ከልሎ ያቆየው ሣር ነው።

ድሮ የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ "ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይል ነበር። ባለቤቱ ወጥቶ ውሻውን እስኪይዝለት ይጠብቃል፤ ግባ ካልተባለ አይገባም፤ የተሰጠው መደብ ላይ አድሮ ጠዋት መርቆ ይሄዳል። ኋላ ቀርነት ነበር። የዛሬው እንግዳ ከፍሎ የሚመሽበት ስለሆነ ጣጣ አያበዛም። ድንኳኑን ይተክላል፣ ካስማውን ይቀጠቅጣል። ባለ ማሳው ከሩቅ ድንኳን አይቶ፣ ማን ሞተ ብሎ ጋቢውን አዘቅዝቆ ሲመጣ "አባባ፣ እዚህ አካባቢ ውሃ ይገኛል?" ተብሎ አቀባበል ይደረግለታል። በገዛ ማሳው እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

"ማንን አስፈቀዳችሁ?" የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ለእሱ ሕገ መንግሥቱ አለለት። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ እኛስ ሕዝብ አይደለንም እንዴ? ያው አንቀጽ ዝቅ ብሎ አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል፤ ግን ለሽርሽር የወጣ ሰው እስከዚያ ድረስ አያነብም። እኔ የምፈራው ገበሬው ጠበቃ ያማከረ ዕለት ነው። መሬት ቦሌም ላይ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና፣ አንድ ቅዳሜ ሁለት በሬና አንድ ፈረስ ነድቶ የአንዱን ቪላ ሣር ቢያስግጥ ምን ልንለው ነው?

እንሰቱ ደግሞ ለካምፕ ትልቅ ውለታ ይውላል። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ከጀርባው ሰው አይታይም። መጸዳጃ መቆፈር የከበደው አዘጋጅ "ሴቶች በቀኝ፣ ወንዶች በግራ" ብሎ ሕዝቡን ያሰማራል። እሑድ ከሰዓት እንሰቱ ሥር ነጭ ሶፍት አብቦ ይታያል። ይህ ተክል ዓመታት ተጠብቆ ይነቀላል፣ ይፋቃል፣ ተቀብሮ ይብላላል፣ ቆጮ ይሆናል። ሰኞ ምሳ ሰዓት ያው ካምፕ የወጣ ሰው ክትፎ ቤት ገብቶ "ቆጮው ንጹሕ ነው?" ብሎ አስተናጋጇን ያፋጥጣል።

ማታ ካምፕ ፋየር አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። አንዲት እናት ጀርባቸውን ያጎበጠ የባሕር ዛፍ ሸክም ይዘው ይመጣሉ። ለቤታቸው ቀናት የሚበቃ ማገዶ ነው፤ ጭራሮው ለማቀጣጠያ፣ ወፍራሙ ለምጣድ። ዋጋ ሲጠሩ "እማማ፣ ይቀንሱ እንጂ! እንጨት አይደል እንዴ? በነፃ የሚበቅል!" ይባላሉ። ስፒከሩን ያለ ድርድር የተከራየ እጅ እዚህ ላይ ይሰስታል። ይቀነስና ይገዛል፣ ነዳጅ ይርከፈከፍበታል፣ እሳቱ ሰማይ ይነካል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አመድ ነው። "ሌላ እንጨት የለም?"

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ባለ ማሳው ፋኖሱን ይዞ ይመጣል። "ልጆቼ፣ ከብቶቹ ደነገጡ" ይላል። "ፋዘር፣ ፈታ በሉ! ኑ እንጨፍር!" ይሉታል። እንግዳ ነውና እሺ ብሎ ይመለሳል፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሥራው ይጠብቀዋል። የወንጪ ገደል ዙሪያውን እንደ ሳህን ጠርዝ ስለቆመ ድምፅ መውጫ የለውም፤ ያስተጋባል። እሑድ ሊነጋ ሲል ከደሴቱ የሚነሳው ጸሎትና ከሜዳው የሚነሳው ዘፈን ውሃው ላይ ይገናኛሉ። ዲጄው ያሸንፋል፤ ጀነሬተር አለው።

ጠዋት ግን ሁሉም መናኝ ነው። ሐይቁ ፊት እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፎቶግራፈሩ "አንዴ ድገመው" እስኪለው ያሰላስላል። ፎቶው "ያልተነካ ተፈጥሮ" ተብሎ ይለጠፋል። ከፎቶው ጠርዝ ውጭ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የቢራ ቆርኪና ፌስታል ተበትኗል፤ ያውም ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ በኋላ። ሐቁን ለመናገር ቆሻሻቸውን የሚለቅሙ ጨዋ ቡድኖችም አሉ። አንድም ሳያስቀሩ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞሉና ከረጢቱን ከገበሬው በር አጠገብ አቁመው ይሄዳሉ።

"ገበሬው እኮ ይጠቀማል" ይላሉ አዘጋጆቹ፤ የክርክራቸው ሁሉ ምሰሶ እሱ ነው። ይጠቀማል እንዴ! ፈረሱ ይከራያል፤ ልጆቹ ከረሜላ ያገኛሉ፤ ቀፎው እዚያው ደጁ ላይ ተሰቅሎ እየታየ "ስኳር አልገባበትም አይደል?" ተብሎ ማሩ ይሸጥለታል። የጉዞውን ማስታወቂያ ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ቲሸርት፣ ፎቶግራፈር፣ ዲጄ ተዘርዝሯል። የሣሩ ዋጋ የለም። የተረገጠው ገብስ የለም። የባለ ማሳው እንቅልፍማ ከነመኖሩም አይታወቅ።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት ጉዞ ገና ወንበር አለው ይባላል። ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ ከምንከፍለው ውስጥ ለባለ ማሳው ስንት ይደርሰዋል? አጣርቶ እስኪነግራችሁ ብራችሁን አትልቀቁ።