የልደት ቀን ሳጥን ይመስገን

በድረ ገጽ ቅጽ ላይ ያለውን የልደት ቀን ሳጥን የሚያማ ሰው ውለታ ቢስ ነው። ክሮም በ2012 እ.ኤ.አ. ቀን የሚመረጥበት ካላንደር ሲያወጣ፣ ፋየርፎክስ እስከ 2017፣ በማክ ላይ ያለው ሳፋሪ ደግሞ እስከ 2021 በዚያው ቦታ ባዶ የጽሑፍ ሳጥን ያቀርቡ ነበር። ነፃነት ማለት ይህ ነው። ተጠቃሚው «ረቡዕ ማለዳ» ብሎ ቢሞላስ ማን ይከለክለዋል?

ዛሬ ሦስቱም ካላንደር አላቸው፤ ልግስናው ግን አልቀነሰም። የአሜሪካ እንግሊዝኛ በተጫነበት ኮምፒውተር 03/04 ማርች 4 ነው፣ በእንግሊዞቹ ኤፕሪል 3። እናት አንዴ አምጣ የወለደችውን ልጅ ሳጥኑ ያለ ምጥ ሁለቴ ይወልደዋል።

ለእኛ ሰው ያለው አሳቢነት ደግሞ ለብቻው ነው። ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው ወሩን 2 ብሎ ሲሞላ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ይመለሳል። ጳጉሜ 3 የተወለደማ 13 ብሎ ቢጽፍ ጨርሶ አልተወለደም፤ ያልተወለደ ሰው ደግሞ ቪዛ ምን ያደርግለታል? በአንጻሩ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላውን ሳጥኑ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተቀብሎ ሰባት ስምንት ዓመት ይመርቅለታል። ጡረታ እንዲህ በአንድ ጠቅታ ሲቀርብ የት ታይቷል!

የጳጉሜ 3 ልጆች፣ ሴፕቴምበር 8 ብላችሁ ሙሉ። ወሩ ይቅደም ወይስ ቀኑ? እሱን ኮምፒውተራችሁን ጠይቁት።