ያልተጣራ ደመወዝና የተጣራ ወሬ፦ የጅማ ደጋፊ ክርክር በጥናት ሲታይ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ሦስት ጊዜ ይፈርማል። መጀመሪያ ጀበና ቡና የሚሸጥበት በርጩማ ላይ፣ ቀጥሎ ክለቡ ቢሮ ውስጥ፣ በመጨረሻም ሌላ ክለብ ሄዶ ጎል ማግባት ሲጀምር «ድሮስ ያገኘነው እኛ አይደለን?» እየተባለ በሌለበት። ይህ ጥናት የሚያተኩረው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፊርማ ላይ ነው። መካከለኛው፣ ማለትም እውነተኛው፣ ከክርክሩ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ ስለተገኘ ተትቷል።

መረጃው የተሰበሰበው ከሄርማታ ገበያ ዳርቻ፣ ከፈረንጅ አራዳ በረንዳዎችና ከአጋሮ መናኸሪያ አካባቢ ነው። አጥኚው ክርክሩን እንደ ደንቡ አቦል፣ ቶናና በረካ ብሎ በሦስት ምዕራፍ ሊከፍለው አስቦ ነበር። ሆኖም የመንገድ ዳር ቡና በሲኒ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ሁለተኛውን ማን እንደሚያዝ ስላልታወቀ፣ ተከራካሪዎቹ ከአቦል ሳያልፉ የአንድ የውድድር ዘመን ዝውውር ጨርሰው ተነሥተዋል። ቀዝቅዞ የቆየ አንድ ሲኒ ስንት አጥቂ እንደሚያስፈርም ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። በ2009 ዓ.ም. ጅማ አባ ቡና ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ፣ በዚያው ዓመት ጅማ ከተማ ከከፍተኛ ሊግ አደገና ጅማ አባ ጅፋር ተባለ። ከተማዋ በአንድ ክረምት አንድ አባት ሸኝታ ሌላ አባት ተቀበለች ማለት ነው። አዲሱ አባት በመጣበት ዓመት፣ በ2010፣ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ሲወስድ ከቆየው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ተባለ። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ክለብ ዋንጫ የሚወስደው ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ስለሆነ ደጋፊው መሸነፍን ቀስ ብሎ ይማራል። የጅማ ደጋፊ ግን በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻውን ፈተና አለፈ። ከዚያ ወዲህ የሚገኘው ውጤት ሁሉ ለእርሱ የአሠራር ስህተት እንጂ እግር ኳስ አይደለም። ስለዚህ በክርክሩ ውስጥ ዘመን የሚቆጠረው «ከ2010 በፊት» እና «ከ2010 በኋላ» ተብሎ ሲሆን፣ ከ2010 በፊት የሆነ ነገር እስካሁን ሲጠቀስ አልተሰማም። አሠልጣኙ በማግሥቱ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደው በ2011 ሌላ ዋንጫ ማንሳታቸው፣ ኦኪኪም ወደ ግብፁ ኢስማይሊ መሻገሩ፣ ቀደም ሲል የጠቀስነውን ሦስተኛ ፊርማ ወለደ። ከዚህ የማያንሰው ማስረጃ የታኅሣሥ 2011 የአል አህሊ ግጥሚያ ነው። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ጅማ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። በአካባቢው የትረካ ሥርዓት ሁለተኛው ውጤት ዋና ጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ድምሩን የሚያነሳ ሰው ደግሞ እንግዳ ነው።

ወደ ዝውውሩ እንመለስ። የፊርማ ወሬ የሚመዘነው በመሐላው ነው። ያለ መሐላ የተነገረ ወሬ ለመነሻ ያህል ይሰማል። «ወላሂ ፈርሟል» የተባለ ወሬ እስከ ማታ ይጸናል። «እናቴ ትሙት» ከተባለ ተጫዋቹ የሚሰለፍበት ቦታ ላይ ክርክር ይጀመራል። ከሁሉ የሚያንሰው የማስረጃ ዓይነት ተጫዋቹ ማሊያ ይዞ የተነሣው ፎቶ ነው፤ እርሱ ከመጣ የሚያከራክር ነገር ስለማይቀር ጨዋታው ይበላሻል። «ፎቶማ ማንም ይነሣል» የሚል አንድ ሰው ግን ከየትኛውም በርጩማ አይጠፋም፤ ውይይቱ ነፍስ የሚዘራውም በእርሱ ነው።

የወሬው ጉዞም ሕግ አለው። ከጅማ «ሊፈርም ነው» ሆኖ የተነሣ ዜና አጋሮ ሲደርስ «ፈረመ» ይሆናል፤ ሊሙ ገነት ሲገባ ጎል ማግባት ይጀምራል፤ ጌራ ሲደርስ ለውጭ ክለብ ተሽጧል። በመልሱ የሚመጣው የሚኒባስ ተሳፋሪ ሽያጩን ለጅማዎች ያረዳል፤ ጅማዎችም ገና ያልመጣውን ልጅ የለቀቀውን አመራር ያወግዛሉ። አጥኚው ይህ ዑደት በአንድ ቀን ሲዘጋ ተመልክቷል።

የተጫዋቹ ችሎታ የሚለካበት ደንብ ከቡና ንግድ የተወሰደ ነው። ወጣት ተጫዋች እሸት ነው፤ ቶሎ ካልተጠቀሙበት ይበላሻል። አንጋፋው ጀንፈል ነው፤ ደርቋል፣ ግን ቀን ጠብቆ ዋጋ ያወጣል። አዲስ አበባ ተጫውቶ የመጣው ታጥቦ የተዘጋጀ ስለሆነ ከነማጓጓዣው ይወደዳል። ስለ ኳስ ቁጥጥርና ስለ ፍጥነት የተነሣ ጥያቄ አልተመዘገበም። የተነሣው ጥያቄ «ማን ነው ያመጣው?» የሚል ነበር፤ ደላላው ከታወቀ ዕቃው ታወቀ።

የዚህ ጥናት ትልቁ ግኝት ደመወዝን ይመለከታል። በነሐሴ 2011 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያወጣ፣ በመላ አገሪቱ ክለቦች ተወያዩ። በጅማ ግን ሒሳብ ተሠራ። «ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ?» አለ አንዱ። ያልተጣራ ከሆነ፣ በጊዜው በነበረው የገቢ ግብር ሕግ 35 በመቶው 17,500 ነው፤ 1,500 ተቀናሽ ሲነሣለት ግብሩ 16,000 ይሆናል፤ የጡረታው ሳይቆረጥ 34,000 ብር እጁ ይገባል። ይህን ስሌት ያወጣው ሰው ራሱ የደረጃ «ሐ» ግብሩን በየዓመቱ የተጋነነ ነው እያለ ያለቅስ የነበረ ነጋዴ ነው። ለተጫዋቹ ግን አንድ ብር አልማረለትም። ቀጥሎ አንድ ሌላ ሰው ገንዘቡን ወደ ፈረሱላ፣ ማለትም ወደ 17 ኪሎ ቡና፣ ሊመነዝረው ሲሞክር የዕለቱ ዋጋ ላይ ስምምነት ጠፋና ጉዳዩ በቀጠሮ አደረ። «በጎን የሚሰጠውስ?» የሚለው ጥያቄ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ቀረበ፤ መልሱም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ተሰጠ፤ አጥኚው ስላልሰማው አላካተተውም።

ጣሪያው ግን የጅማ ዋና ችግር አልነበረም። ጣሪያ የሚያሳስበው ወለሉ ያለቀለትን ሰው ነው። የክለቡ ተጫዋቾች የወራት ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ማቆማቸውና ለፌዴሬሽኑ ማመልከታቸው በስፖርት ዜና ተደጋግሞ የተሰማ ነገር ነው። እዚህ ላይ ታሪክ ተመራማሪውን ትፈትነዋለች። ክለቡ ስሙን የወሰደው ከዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት እኚህ ንጉሥ ለምኒልክ ግብር እየገበሩ ጎረቤቶቻቸው ያጡትን የውስጥ አስተዳደር ለረጅም ዘመን ጠብቀው የኖሩ ናቸው። ሙሉ ፖለቲካቸው አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ የሚከፈለውን በጊዜው መክፈል። ቤተ መንግሥታቸው ጂረን ተራራ ላይ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ያያል። ከበላዩ ሆኖ የሚያየውን አጥኚው ለመገመት አልደፈረም።

የተጫዋቾቹ ደመወዝ ለምን እንደሚዘገይ ደጋፊው የራሱ ማብራሪያ አለው፤ ከሰማናቸው ሁሉ የተሻለም እርሱ ነው። አብዛኛው የአገራችን ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ዝውውሩም የሚጦፈው በዚያው ክረምት ነው። በጅማ ክረምት ሁሉም ሰው ቃል ይገባል፤ ዝናብ ስለሚጥል የሚወጣ የለም፤ ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ተስፋ ርካሽ ነው። ጥቅምት ሲገባ ሊጉ ይጀመራል፣ ቡናውም ይቀላል፣ ሁሉም ሰው ገንዘቡን ለቃሚና ለማጓጓዣ ይፈልገዋል። የቡና አገር ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ሱቅ በዱቤ ወስዶ «ቡና ሲሸጥ» ብሎ ነው የኖረው። ደጋፊው ተጫዋቹ ለምን እንደሚቆጣ ሊገባው ያልቻለውም በዚህ ነው። ባለሱቁ ጠብቆ የለ?

በአጋሮ ያገኘናቸው አንድ የቡና ነጋዴ ሽማግሌ መፍትሔ አቀረቡ። እንዳለ ተመዝግቧል፦

«ለቃሚ በለቀመው ኪሎ ልክ በዕለቱ ይከፈለው የለ? አጥቂም ባገባው ልክ ይከፈለው።»

«በረኛውንስ ጋሼ፣ በምን ሊመዝኑት ነው?»

«ባላፈሰሰው።»

«ተከላካዩንስ?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ተከላካይ የመጋዘን ጥበቃ ነው። ጥበቃ የወር ደመወዝተኛ ነው።»

አጥኚው ይህን ሐሳብ የአጋሮ ግኝት ብሎ ለማስመዝገብ ሲዘጋጅ እንግሊዞች ቀድመው ተገኙ። እዚያ ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም አለ። አራት ነጂ፣ አራት ዙር፤ ሞተሩ ፍሬን የለውም። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ያገኛል፣ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይገባል፤ ነጂው የሚከፈለውም ባገኘው ነጥብ ልክ ነው። አንዱ ነጂ በአንድ ዘመን ለእንግሊዝ ክለብም ለፖላንድ ክለብም ይነዳል። ክለቦቹ የደመወዝ ሳይሆን የችሎታ ጣሪያ አላቸው፤ የነጂዎቹ አማካይ ነጥብ ተደምሮ ከተወሰነ ልክ ካለፈ አንዱ ጎበዝ ይቀነሳል። ዝናብ ከጣለ ውድድሩ ይሰረዛል። የዚያ አገር ደጋፊም ክረምቱን ሙሉ ማን ይፈርማል፣ ምን ያህል ይከፈለዋል፣ መርሐ ግብሩን ማን አበላሸው እያለ ይከራከራል። ይህንን ለሽማግሌው አስረዳናቸው።

«ፍሬን የለውም?» አሉ።

«የለውም።»

«ፍሬን የሌለው እኛም አለን» አሉ፤ «የጎደለን ነጥቡ ነው።»

መርሐ ግብሩን በአጭሩ እንለፈው፤ ተከራካሪዎቹም ያነሱት ሒሳብ ሲከፈል ነው። ድሮ ጅማ ሜዳው ላይ ይጫወታል፤ እንግዳው ቡድን ደግሞ ከአዲስ አበባ እንኳ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በጊቤ በረሃ ተንገላቶ ይመጣል። ነገሩ ቀላል ነበር። በ2013 ውድድሩ የአምስት ዓመትና የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል አገኘና ሁሉም ክለብ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ በየተራ መጫወት ጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ከዚያ በኋላ ባለሜዳ የሚባለው ወረቀት ላይ የሚጻፍ ማዕረግ ሆነ። ውድድሩ ሐዋሳ ላይ ሆኖ ጅማ ከሐዋሳ ከተማ ጋር በባለሜዳነት ሲመደብ፣ ባለሜዳው እንግዳ፣ እንግዳውም ባለሜዳ ነው። አንድ ወጣት ደጋፊ ይህንን «ቤትህን አከራይተህ እንግዳ ሆነህ መግባት» ብሎ ተረጎመው፤ ቤተሰቡ አከራይ ነው። በዚያው ዓመት የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልተሳተፉ ሊጉ በ13 ቡድን ተካሄደ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ በየሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፋል። ጅማ ባረፈበት ሳምንት አለመሸነፉን የሚጠቅሱ ደጋፊዎች አሉ፤ መረጃው ትክክል ነው።

የጥናቱ መላምት ክርክሩ ከጨዋታው ይመነጫል የሚል ነበር። ሁለት ነገሮች አፈረሱት። በ2012 ውድድሩ በኮሮና ተቋርጦ ያለ ሻምፒዮን ሲሰረዝ ክርክሩ አንድ ቀን አላቋረጠም፤ እንዲያውም ውጤት የሚባል እንቅፋት ስለተነሣለት ጥራቱ ጨመረ። በ2014 ደግሞ ክለቡ ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወደ ከፍተኛ ሊግ ወረደ። ቡድኑ ወረደ፣ ደመወዙ ወረደ፣ ተመልካቹ ወረደ። ክርክሩ ያለበት እርከን ላይ ቀረ። እስከ ዛሬም በርጩማው ላይ የሚነሣው ዋና ጉዳይ አል አህሊ በሁለተኛው ጨዋታ ማንን ማሰለፍ እንደነበረበት ነው።

የጥናቱ ረቂቅ ለተሳታፊዎቹ እንደ ደንቡ ተነቦላቸዋል። በይዘቱ ላይ ቅሬታ ያቀረበ የለም፤ ያዳመጠ መኖሩም አልተረጋገጠም። የተነሣው ጥያቄ አጥኚው ስንት ይከፈለዋል የሚል ነበር። አንዱ 50 ሺህ አለ። ሁለተኛው በጎን ሌላ እንዳለው ከቅርብ ሰው ሰምቷል። «ያልተጣራ ነው የተጣራ?» ብሎ ሦስተኛው እስክሪብቶ አወጣ። አራተኛው፣ እስከዚያ ዝም ብሎ የቀዘቀዘ ሲኒውን ሲያሽከረክር የነበረው፣ ልጁ ለአዲስ አበባ ከፈረመ መቆየቱን ነገራቸው። ወላሂ ብሎ።